ጆሮዬ አልፎ ካርዴ የወደቀ ጊዜ

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ የጾሙ ክሳት ከፊታችን ሳይጠፋ ይመስለኛል፣ የልጅ ልጄ ሰላም ስልኳን እያየች «እማማ፣ መቁረጫ ነጥቡን አወጡት» አለችኝ። ምሳ ላይ ነበርን። «የምኑን መቁረጫ?» አልኳት። «ልፈተን ያልኩትን የሙዚቃ ትምህርት ነዋ። ድምፅ ብቻ አይበቃም። የመልቀቂያ ፈተናው ውጤትም ይታያል፤ እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡ...» ቀሪውን አልሰማሁም። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። ሰው በኔ ዕድሜ ስንት ነገር ይረሳል፤ የባሌን ሙት ዓመት እንኳ እየተሳሳትኩ ልጆቼ ያርሙኛል። ሒሳብና ሙዚቃ አብረው የተጠሩበትን ቀን ግን አልረሳሁም።

ሰላም ይህን ፈተና የሚያውቅ ሰው እዚሁ ዲላ አለ ብላ ይዛኝ ወጣች። «አዲስ አበባ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ወንድሟ ቤት መጥታ ተቀምጣለች፤ ልጆች ታለማምዳለች» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም። ከባጃጅ ወርደን የቆርቆሮውን በር ስናንኳኳ ረዘም ያለች፣ ጠጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ሴት ከፈተችልን። ያየችው ሰላምን ሳይሆን እኔን ነበር። «እቴ?» አለች። ሙሉ ስሜ እቴነሽ ነው፤ እቴ እያሉ የሚጠሩኝ ሰዎች አንድ በአንድ አልቀዋል። «ማርታ» አልኳት። ተሳሳምን። ጉንጬ ጉንጯን ሲነካ በልቤ ያሰብኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ወገቧ እንኳ አልጎበጠም» የሚል ነበር።

ጃንሆይ በዙፋናቸው የነበሩበት ጊዜ ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ኮንጎ ጫማ እንደ ብርቅ የሚታይበት፣ የሙዝ እቅፍ በስሙኒ የሚገዛበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። አስፋልት የሚባል ነገር ዲላ አያውቅም ነበር። ከሻሸመኔ የሚመጣው አውቶቡስ ቀይ አቧራ ለብሶ ሲገባ ልጆች ከኋላው እንሮጣለን፤ ማታ እናቶቻችን ከጠጉራችን ላይ ሲያራግፉት መሬቱ ይቀላል። አባቴ ከቡልጋ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር፣ አሁን ባለ አራት ፎቅ ባንክ የቆመበት ላይ ነበረች። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ቴትሮን፣ ለሙሽራ ደግሞ ቀይ ከፋይ ይሸጥ ነበር። የከፋዩ ጥቅል ሲዘረጋ የሚያወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ዛሬ ሱቅ ገብቼ ጨርቅ ባሸትት ልጆቹ ይስቁብኛል።

ከሱቃችን ጀርባ የቡና መጋዘን ነበር። ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ የመጣውን ቡና ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ይለቅማሉ፤ የተሰበረውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። ሲለቅሙ ይዘፍናሉ። አንዷ በጌዴኦኛ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ተቀባዮቹ ግን አንድ ዓይነት አይቀበሉም፣ ግማሾቹ ከታች፣ ግማሾቹ ከላይ ይሄዳሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ትርጉሙን ሳላውቅ መጀመሪያ የላዩን፣ ቀጥዬ የታቹን እዘፍን ነበር። አንድ ቀን ሴቶቹ ዝም ብለው ሰምተውኝ ኖሮ፣ ስጨርስ አንዲቱ በተሰባበረ አማርኛ «የነጋዴው ልጅ ዘፈናችንን ሰረቀ» አለች፤ ሳቃቸው መጋዘኑን ሞላው። ማዶ ካለው ቡና ቤት የሚሰማውን ሸክላም እንዲሁ ነበር የምቀዳው። አንዴ ከሰማሁት በቃኝ። ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀል የማስዘምረው እኔ ነበርኩ። ድምፅ የእኔ ነበር፤ ይህን ዲላ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማርታም ታውቅ ነበር።

ማርታ ጅግሶ የክፍሌ ልጅ ነበረች። አባቷ ወንጌላዊ ጅግሶ የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፣ ረጋ ያሉ፣ ካኪ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ቤታቸው ወደ ለገዳራ ወንዝ ስትወርዱ፣ እንሰት መሀል ነበር። እናቷ በአማርኛዋ ወንድና ሴት አትለይም፤ እኔን ስታይ «እቴነሽ፣ ግባ ልጄ። ቆጮ አለ፣ ብላ» ትለኛለች፤ እኔም ገብቼ እበላለሁ። ዋናው ጉዳዬ ግን ቆጮው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በእግር እየረገጡ የሚጫወቱት ኦርጋን ነበር፤ ማርታ ከትምህርት በኋላ እየሄደች ትለማመድበታለች። አንዲት ሚሲዮናዊት አስተምራታለች። እኔ የነጋዴ፣ ያውም የኦርቶዶክስ ልጅ ስለሆንኩ ውስጥ መግባት አልችልም፤ አባቴ ቢሰማ ያንን ቀን አልወደውም። ስለዚህ በመስኮቱ አያለሁ። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ ጣቶቿ ሳትመለከታቸው ሲሄዱ አያለሁ። ከመዝሙሩ ውስጥ የምትስተውን እየሰማሁ «እዚህ ጋ ስታለች፣ እዚያም ስታለች» እላለሁ። እንዲህ ስትስት የምትውለው ልጅ ኦርጋን ተሰጥቷት፣ ለእኔ ለማልስተው መስኮት ተሰጠኝ። የዛን ዕድሜ ቅናት ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ጥርስ እንደሚያሳክክ ነው፤ ማርታን እወዳት ነበር፣ ከሷ በቀር ጓደኛም አልነበረኝም፣ ግን ኦርጋኑ ዝናብ ገብቶበት እንዲበላሽ እመኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ከአዲስ አበባ ጋሽ መርዕድ የሚባሉ አስተማሪ ተመደቡልን። አኮርዲዮን ነበራቸው። ጠጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ የሚያስተኙ፣ ሱሪያቸው ተተኩሶ እንደ ቢላ የሚቆርጥ ሰው ነበሩ። እሳቸው ናቸው አዲስ አበባ የመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዳለ የነገሩን። «ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፈ ይገባል» አሉ፤ «ከዚያ ጆሮ ይፈተናል፣ ጣት ይታያል። እናንተ ሁለታችሁ ተፈተኑ።» ሁለታችሁ ሲሉ እኔንና ማርታን ነው። ደስታዬ ግማሽ ሆነ። ለብቻዬ ቢሉኝ ኖሮ ሙሉ ይሆን ነበር።

አባቴን ለማሳመን ጋሽ መርዕድ ራሳቸው ሱቅ ድረስ መጡ። አባቴ ጨርቅ እየለካ ቀና ሳይል «ልጄን አዝማሪ ሊያደርጉልኝ ነው?» አላቸው።

«ኧረ አይደለም አቶ ወልዴ። አስተማሪ ነው የምትሆነው።»

«የዘፈን አስተማሪ ደመወዝ አለው?»

«በወር በወር። መንግሥት ነው የሚከፍለው።»

አባቴ መቀሱን አስቀመጠና አሰበ። «መንግሥት የሚከፍለው ከሆነ አዝማሪ አይደለም» አለ። እንዲህ ሆኖ ተፈቀደልኝ።

ጋሽ መርዕድ ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው «ሒሳብሽን ጠበቅ አድርጊ» አሉኝ። ሒሳብ ጠላቴ ነበር። ማርታ ደግሞ በሒሳብ ከክፍሉ የሚደርስባት የለም። ላስጠናሽ አለችኝና ቤታቸው ጓሮ ትንሽ ጠረጴዛ አውጥተን ቁጭ አልን። ክፍልፋይ ነበር የምታስጠናኝ። «አንድ ሙሉ ለሁለት ሲከፈል ግማሽ፣ ግማሹ ለሁለት ሲከፈል ሩብ» እያለች ጠረጴዛውን በጣቶቿ ትመታለች፤ ልክ ኦርጋኑ ላይ እንደምታደርገው፣ አውራ ጣቷ ከሌሎቹ ሥር እየሾለከ ይሄዳል። እኔ ያን ጣት አያለሁ። ሩቡና ስምንተኛው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። «ገባሽ?» ስትለኝ «ገብቶኛል» እላለሁ። ከሷ አፍ አልገባኝም ማለት ሞቴ ነበር። ዛሬ ሰላም የማይገባትን ነገር ለጓደኞቿ በስልክ እየጻፈች ስትጠይቅ ሳይ ይገርመኛል፤ እኛ ባለማወቅ ማፈርን እንደ ጨዋነት ነበር የተማርነው።

ሚኒስትሪውን ሁለታችንም አለፍን። እኔ በድምሩ አለፍኩ፤ ሒሳቡ ለብቻው ሲታይ ወድቋል፣ ግን ድምሩ እስካለፈ ማን ለብቻው ያያል ብለን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ወንጌላዊ ጅግሶ ሁለታችንን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈርን። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን፤ እኔ አዲስ ኮንጎ ጫማ አድርጌ፣ አባቴ ከሱቅ ቆርጦ ያሰፋልኝን የቴትሮን ቀሚስ ለብሻለሁ። ማርታ ሚሲዮናዊቷ የሰጠቻትን ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጋለች። መንገዱን ሁሉ ያንን ጫማ ሳይ ሄድኩ። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አክስቴ ቤት አደርን። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ደረስን።

መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ የሚበዙት ወንዶች ናቸው፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ። ማርታ ከእኔ በፊት ተጠራች። ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ሰማሁ። ፒያኖው አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ማርታ ትመልሳለች፤ ልክ። ሁለት ተከታታይ ይሰጣል፣ ትመልሳለች፤ ልክ። ሦስት ሰጣት። ሦስተኛዋ ላይ ማርታ ዝቅ አለች። ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው አይሰማውም፤ እኔ ግን ሰማሁት፣ ያንን የዝቅታ መጠን ዛሬም ላሳያችሁ እችላለሁ። ከዚያ ፒያኖው ላይ መዝሙር ተጫወተች፤ በወፍራሙ በር ውስጥ እንደ ሩቅ ዝናብ ነው የሚሰማው። ስትወጣ ላብ አልቧታል። «ሳትኩ» አለችኝ። «አይዞሽ» አልኳት። ልቤ ግን እልል እያለ ነበር።

ገባሁ። ፒያኖው ጋ አንዲት ፈረንጅ ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛው ጋ መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሀበሻ አስተማሪ አሉ። ፈረንጇ አንድ ሰጠችኝ፣ ሁለት ሰጠችኝ፣ ሦስት፣ አምስት ሰጠችኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ሁለት ድምፅ አንድ ላይ መታች፤ መጀመሪያ የላዩን፣ ቀጥዬ የታቹን ዘፈንኩላት። ተነስታ በሌላ በር ወጣችና ሌላ ፈረንጅ ይዛ ተመለሰች። በሱ ፊት ደግሜ ተፈተንኩ። ሳቁ፤ በእኔ ሳይሆን በደስታ ነው የሳቁት። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ረጅም ሆኜ አላውቅም። ያኔ ነው ሀበሻው አስተማሪ ካርዴን ያነሱት። አዩት፣ ገለበጡት፣ እንደገና አዩት። ለፈረንጇ በቋንቋዋ የሆነ ነገር ነገሯት። እሷም ተከራከረች፤ እጇን ወደ እኔ እያመለከተች ብዙ ተናገረች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ጆሮሽ አልፏል። ካርድሽ ግን አላለፈም። ሒሳብና እንግሊዝኛ ለየብቻቸው ማለፍ አለባቸው።»

«ሒሳብ ለዘፈን ምን ያደርጋል ጋሼ?»

«ኖታ የሚቆጠረው በክፍልፋይ ነው፤ መጽሐፎቹም በእንግሊዝኛ ናቸው። መስፈርቱን እኔ አላወጣሁትም። ዘጠነኛ ክፍል ተማሪና ውጤትሽን አሻሽለሽ በሚመጣው ዓመት ነይ።»

ማርታ ተቀበሏት። በአዳሪነት ቀረች። እኔና ወንጌላዊ ጅግሶ በመጣንበት አውቶቡስ ተመለስን። ሻሸመኔ ላይ ብርቱካን ገዝተው ልጠው ሰጡኝ፤ «እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ መንገድ አለው ልጄ» አሉኝ። እንባዬን በአቧራው አሳበብኩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን የማርታ አባትነታቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገብኩ። ክፍልፋይ ብቻዬን እያለቀስኩ ተማርኩ፤ ገባኝም። የሚመጣው ዓመት ግን አልመጣም። አባቴ ፍስሐ ገነት ከተማ ለሚኖር ቡና ነጋዴ ዳረኝ። «አንድ ጊዜ ሞክረሻል፤ እግዚአብሔር ነው የመለሰሽ» አለኝ። ባሌ ደምሴ ጥሩ ሰው ነበር፤ ስለሱ ክፉ የምናገረው የለኝም። ማርታ ለሠርጌ መጣች። ጠጉሯን አፍሮ አድርጋ፣ ጉልበቷ የሚታይ ቀሚስ ለብሳ፤ ሠርገኛው እኔን ትቶ እሷን ሲያይ አመሸ። ባለ አበባ የናይለን ሻሽ ሰጠችኝ። ሻሹ ውብ ነበር። አንድ ቀንም አላሰርኩትም፤ ሣጥን ውስጥ ብል እስኪበላው ቆየ።

ፍስሐ ገነት ላይ ልጆች ወለድኩ፣ ቡና ገዛሁ፣ ሸጥኩ። ለሰው ሠርግ ስጠራ እዘፍናለሁ፤ ሰው «ይህች ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?» ይላል፤ እኔም ይህን ለመስማት ነበር የምሄደው። ደምሴ ራዲዮ ሲገዛ አንድ ቀን ከዘፈን በኋላ «በፒያኖ ያጀበችው ማርታ ጅግሶ» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ የሙዚቃ ሰዓት ሲደርስ ራዲዮውን እዘጋለሁ። «ምነው ዘጋሽው?» ይለኛል ደምሴ። «ባትሪው ያልቃል» እለዋለሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ እንደገና ተለወጠ፤ ደምሴም ለምዶ መጠየቁን ተወ። እኔ የምኖርበት ስንቅ ነበረኝ፤ ሦስተኛዋን ድምፅ ስታለች። በካርድ የገባች ናት። በቤታችን ሳይችል ሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሰው ሲታይ «በካርድ የገባ» እንላለን፤ ልጆቼ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይሉታል።

ደምሴ ሲሞት ልጆቼ ወደ ዲላ መለሱኝ። እንግዲህ ማርታ በሩን የከፈተችልን ቀን በወንድሟ ሳሎን ተቀምጠን ሻይ ቀረበልን። ልጆች እንዳልወለደች፣ ባሏ እንደሞተ ነገረችኝ። ከዚህ ውስጥ የማልቀናበትን ነገር ፈለግሁና አገኘሁ፤ ለዚያም አፈርኩ። ከዚያ ወደ ሰላም ዞረች።

«ሒሳብ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ነው የሚያስፈራኝ፣ መምህርት። እማማ ስታርመኝ አይሰማኝም።»

ማርታ ፈገግ አለች። ጠረጴዛ ላይ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነበር፤ ሄዳ ተቀመጠችና «ፈተናው ላይ ከሚጠየቁት ውስጥ እንዲህ ያለ አለ» ብላ መጫወት ጀመረች።

የማላውቀው ነገር ነበር። ግራ እጇ ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ቀኝ እጇ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ ይገናኛሉ ስትሉ ይተላለፋሉ፣ ተለያዩ ስትሉ አንድ ላይ ናቸው። ስህተት ጠበቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማርታን ስህተት በመጠበቅ የሠለጠነ ጆሮ ነው ያለኝ። አልመጣም። አለመሳቷ ብቻ አይደለም፤ አንዲቱን ድምፅ ከሌላዋ እንዴት ለይታ እንደምትነካ፣ የቱን አደብዝዛ የቱን እንደምታወጣ ሰማሁ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ይህን በሙሉ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ስትጨርስ «ያን ቀን ሦስተኛዋን ስተሻል» አልኳት። ከአፌ አምልጦ ነው።

አልደነገጠችም። «አውቃለሁ። በሩ ሥር እንደነበርሽም አውቃለሁ» አለችኝ። «ጆሮዬ ደካማ ነው ብለው በሙከራ ነው የተቀበሉኝ። ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ እኔ አንድ ድምፅ እየመታሁ ስዘፍን እውል ነበር። እየሰማሽኝ ነው ብዬ ነበር የምለማመደው እቴ። ቀና ስል አንቺ በመስኮቱ የምታዪኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ጆሮ ይማራል እንዴ?»

«ይማራል። ክፍልፋይ እንደሚማረው ነው።»

 በካርድ ገባች እንኳ ብል፣ እዚያ የቆየችው በካርድ አይደለም። ሃምሳ ዓመት የተደገፍኩት ምሰሶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደቀ። ያኔ የቀናሁት በኦርጋኑና በጫማው ነበር፤ አሁን በምትችለው ነገር ቀናሁ፤ ይኼኛው ይበልጥ ያማል።

«ድገሚው» አልኳት። ደገመችው።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች። ቤት ስትገባ «መምህርት ማርታ እንዲህ አለች፣ መምህርት ማርታ እንዲያ አለች» ነው ወሬዋ ሁሉ፤ ይህም ያስቀናኛል፣ ምን ላድርግ። ልጅቷን ላድርስ እያልኩ አብሬ እሄዳለሁ፤ ከጥጉ ወንበር ላይ ነጠላዬን እያስተካከልኩ እሰማለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሰላም ጉንፋን ይዟት ተኛች። ቀኑ ዝናብ ዝናብ ይላል። ቀሚሴን ቀይሬ፣ ዣንጥላ ይዤ ለብቻዬ ወጣሁ። ማርታ በሩን ከፍታ ከኋላዬ ልጅቷን ፈለገች።

«ታመመችብኝ» አልኳት።

«ታዲያ በዚህ ዝናብ ለዚህ ብለሽ መጣሽ? ደውለሽ አትነግሪኝም ነበር?»

 ዣንጥላዬን አጥፌ ገባሁና ጥጉን አልፌ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥኩ።  ማርታ ሌላ ወንበር ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የቡና ከረጢት ሲያስር የኖረውን እጄን አንስታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

«ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ» አለችኝ፣ ሕፃናቱን በምታዝበት ድምፅ።

ዝቅ አደረግሁ።